የአልቤርቲ ወለል ለምን ይጣመምብኛል? ሂዩማኒዝሙስ የቱ ጋ ነው?

አራት_ማዕዘን
ሰላም ወገኖች። ጣሊያናዊው ሊቅ አልቤርቲ በ1435 በጻፈው የሥዕል ድርሳን ውስጥ ያለውን የንጣፍ ወለል አሠራር እየሠራሁ ነው። ወረቀቴ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 40 ሳ.ሜ. ነው። የአድማሱን መስመር (የተመልካቹን ዓይን ከፍታ) ከግርጌው 30 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጌ፣ መጥፊያ ነጥቡን (ወደ ውስጥ የሚሄዱት መስመሮች የሚገናኙበትን) መሃሉ ላይ፣ የርቀት ነጥቡን (ተመልካቹ ከሥዕሉ ያለውን ርቀት የሚያሳየውን) ደግሞ በዚያው መስመር ከመጥፊያው 25 ሳ.ሜ. ወደ ጎን አስቀመጥኩ። ችግሩ፣ ከፊት ያሉት ንጣፎች፣ በተለይ ጥግ ጥጉ ላይ፣ ካሬ መሆናቸው ቀርቶ የተጎተቱ ይመስላሉ። ሰዎቹም (የፊተኛው 18 ሳ.ሜ. ነው) ከሰገነት ላይ ቁልቁል የሚታዩ ሆኑ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ይህ ሁሉ የማስመሪያ ሥራ የሂዩማኒስቶች አስተሳሰብ ውጤት ነው ይባላል። ነጥብና መስመር ከሮማዊው ተናጋሪ ከሲሴሮ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ኖራና_አሸዋ
ሁለቱም ችግሮችህ ምንጫቸው አንድ ነው። አድማሱንና ርቀቱን ከሰው ሳትነሳ በግምት መርጠሃቸዋል። አልቤርቲ አራት ማዕዘኑን ካሰመረ በኋላ መጀመሪያ የሚወስነው ከፊት የሚቆመውን ሰው ቁመት ነው። ያንን ቁመት ለሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ ክፍል አንድ ክንድ ይሆናል። የፍሎረንስ ክንድ 58 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ሦስቱ 1 ሜትር ከ75 ይመጣሉ፣ ማለትም የአንድ ጎልማሳ ቁመት።

በአንተ ልክ እንሥራው። ሰውህ 18 ሳ.ሜ. ከሆነ አንድ ክንድ 6 ሳ.ሜ. ነው። የግርጌውን መስመር በ6 ሳ.ሜ. ከፋፍል፤ አሥር ክፍል ይወጣሃል። መጥፊያ ነጥቡን ከግርጌው 18 ሳ.ሜ. ላይ አድርግ። አልቤርቲ ነጥቡ ከሚሳለው ሰው ቁመት በላይ እንዳይወጣ ይመክራል፤ እንዲህ ሲሆን ተመልካቹና የተሳሉት ሰዎች በአንድ ወለል ላይ የቆሙ ይመስላሉ። አንተ 30 ላይ ስታደርገው ዓይንህን አምስት ክንድ፣ ወደ 2 ሜትር ከ90 ሰቀልከው። ሰገነቱ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ከነጥቡ ወደ እያንዳንዱ የግርጌ ክፍል መስመር ሳብ።

አግድሞቹን መስመሮች በሌላ ወረቀት ላይ አውጣ። ርቀቱን 15 ክንድ እንበል፤ በሥዕሉ ልክ 90 ሳ.ሜ. ማለት ነው። ለዚህ ትልቅ ወረቀት አያስፈልግም። አግድሙን ብቻ አሳንሰህ አንዱን ክንድ 1 ሳ.ሜ. አድርገው፤ ቁመቱን ግን አትንካ። ኤ4 ወረቀት በአግድም አስቀምጠህ የግርጌ መስመር አስምር። በግራ ጫፉ በኩል 18 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ የዓይን ነጥብ ይኑር፤ ከእሱ 15 ሳ.ሜ. ርቀት ላይ ቀጥ ያለ የቁም መስመር አቁም። ከቁሙ ወዲያ ግርጌውን በየ1 ሳ.ሜ. ምልክት አድርግና ከዓይኑ ወደ እያንዳንዱ ምልክት መስመር ሳብ። ቁሙን የሚያቋርጡባቸው ከፍታዎች የምትፈልጋቸው ናቸው። 1.13፣ 2.12፣ 3.00፣ 3.79፣ 4.50 ሳ.ሜ. ታገኛለህ፤ አሥረኛው 7.20 ላይ ይውላል። ወደ ትልቁ ሥዕል ስታሻግራቸው ሁልጊዜ ከግርጌው ለካ። ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ እየለካህ ከሄድክ የእርሳሱ ውፍረት እየተደመረ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ያጋልጥሃል።

የተጎተቱት ንጣፎች ደግሞ የ25 ሳ.ሜ. ርቀት ውጤት ናቸው። ዓይንህ ከወረቀቱ 25 ሳ.ሜ. ቢርቅ ኖሮ ሥዕሉ ትክክል ይሆን ነበር። ግን 60 ሳ.ሜ. ወርድ ያለውን ሥዕል ማንም እንዲያ ተጠግቶ አያይም፤ የእይታው ማዕዘን 100 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በ30 አድማስ የመጀመሪያው ረድፍህ ከፍታ 5.8 ሳ.ሜ. ነው፤ ወርዱ 6 ስለሆነ ወለሉ እንደ ግድግዳ ተነሥቶብሃል። በ90 ሳ.ሜ. ማዕዘኑ ወደ 37 ዲግሪ ይወርዳል።

ሁለት ማረጋገጫ አለህ። አንዱ የራሱ የአልቤርቲ ነው፦ በብዙ ንጣፎች ማዕዘን ለማዕዘን የሚያልፍ ሰያፍ መስመር ሳብ፤ ከተሰበረ የሆነ ቦታ ስተሃል። ሁለተኛው ሰው ላይ ነው፦ በየትኛውም መስመር ላይ የቆመ ሰው ቁመቱ የዚያ መስመር የሦስት ንጣፍ ወርድ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ንጣፉ 4.5 ስለሚሆን ሰውየው 13.5 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ራሱም አድማሱ ላይ ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘመኑ ብዙ ሠዓሊዎች እያንዳንዱን ረድፍ የቀዳሚውን ሁለት ሦስተኛ ያደርጉ ነበር፤ አልቤርቲም ስህተት መሆኑን በግልጽ ጽፏል። በአንተ ቁጥር ፈትነው፦ 1.13፣ 0.75፣ 0.50 እያለ ይሄዳል። እስከ ፈለግከው ብትቀጥል ድምሩ ከ3.4 ሳ.ሜ. አያልፍም፤ ወለሉ 18 ላይ ወዳለው አድማስ መቼም አይደርስም።

ፓዱዋ
ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ኖራና_አሸዋ ካስቀመጠው የመጀመሪያ እርምጃ ውስጥ አለ፤ መለኪያው ሰው ነው። አልቤርቲ «ሰው የነገር ሁሉ መለኪያ ነው» የሚለውን የግሪኩን ፈላስፋ የፕሮታጎራስን ሐሳብ የሚያነሣው ለመፈክር አይደለም። ትልቅና ትንሽ የሚታወቁት በንጽጽር ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የምናውቀው ደግሞ የሰውን መጠን ነው ለማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቁመቱን ለሦስት የሚከፍለው።

በነገራችን ላይ ሂዩማኒስት ሲባል ከቤተ ክርስቲያን የተጣላ ሰው አድርጎ መሣል የተለመደ ነው፤ ለ15ኛው ክፍለ ዘመን ግን አይሠራም። ሂዩማኒስቶቹ ሰዋስው፣ ንግግር፣ ታሪክ፣ ቅኔና ሥነ ምግባርን ከጥንት የላቲንና የግሪክ መጻሕፍት የሚያስተምሩና የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። አልቤርቲ ራሱ ፓዱዋ ውስጥ ከጋስፓሪኖ ባርዚዛ ላቲን ተምሮ፣ ቦሎኛ ሕግ አጥንቶ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ያገለግል ነበር።

ሲሴሮን የምታገኘው የድርሳኑ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ንግግር የሚያስተምር ሰው ቃልን ወደ ሐረግ፣ ሐረግን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያሳድጋል። አልቤርቲም የሥዕልን አደራደር እንዲሁ ይሠራዋል፤ ገጾች (የሚታዩት የነገሮች ገጽታዎች) አካል ክፍል ይሆናሉ፣ ክፍሎች ገላ፣ ገላዎች ታሪክ (ድርጊት የሚያሳይ ሙሉ ሥዕል)። በሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ለተማሪ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ክፍለ ቃል፣ ከዚያ ሙሉ ቃል እንደሚሰጠው ሁሉ ሥዕልም እንዲያ ይማር ይላል። ከዚህ ተግባራዊ ሕጎች ይወጣሉ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ሰው በላይ አትሰብስብ፤ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብሎ የሚያጭቅ ሠዓሊ ይነቀፋል። ከሰዎቹ አንዱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ የሚሆነውን በእጁ ያመልክት። የወርቅ ልብስ ስትሥል ወርቅ አትለጥፍ፣ ብርሃኑን በቀለም አምጣው፤ የሚመሰገነው የእጅህ ጥበብ ይሁን። ይህ የመጨረሻው በኮንትራቶች ውስጥ ወርቅና ውድ ሰማያዊ በስም ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ቀላል ምክር አልነበረም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ሠዓሊው ከባለቅኔዎችና ከተናጋሪዎች ጋር እንዲወዳጅ ይመክርና የጥንቱን ግሪካዊ ሠዓሊ የአፔሌስን «የሐሜት» ሥዕል፣ ጸሐፊው ሉቺያኖስ በቃል የተረከውን፣ በምሳሌነት ያቀርባል። ቦቲቼሊ በ1490ዎቹ ያንኑ ሣለው፤ ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ግድግዳ_ሥራ
ከፓዱዋ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እቃወማለሁ። ከመጽሐፉ አስቀድሞ ሥራው ነበር። ብሩኔለስኪ በወርቅ አንጥረኝነት የሠለጠነ፣ ኋላም ገንቢ የሆነ ሰው ነው። የፍሎረንስን ጥምቀተ ቤት በትንሽ ሰሌዳ ሥሎ፣ ሰሌዳውን በስቶ፣ ተመልካቹ ከጀርባው በቀዳዳው አጮልቆ ሥዕሉን በመስታወት እንዲያይ አደረገ። ሰማዩን በቀለም ሳይሆን በተወለወለ ብር ነው የሸፈነው፤ እውነተኛው ደመና እንዲታይበት። ሠዓሊው ማዛቾ ደግሞ በፍሎረንሱ የሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን «ሥላሴ»ን ሲሥል ገና 1420ዎቹ ነበር፤ በ1428 ሲሞት የአልቤርቲ ድርሳን ሰባት ዓመት ይቀረዋል። አልቤርቲ በ1436 የጣሊያንኛውን ቅጂ ለብሩኔለስኪ ያበረከተው ያለ ምክንያት አይደለም።

እርጥብ ኖራ ላይ ፐርስፔክቲቭ (ርቀትን በመስመር የማሳየት ዘዴ) መሥራት ወረቀት ላይ ከመሥራት በጣም ይለያል። ሸካራው ልስን ላይ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያ በየቀኑ ማቅለም የሚቻለውን ያህል ብቻ ስስ የኖራና የአሸዋ ልስን ይለጠፍበታል፤ ቀለሙ የሚይዘው ልስኑ እርጥብ እያለ ነው። የዛሬው ልስን የትናንቱን መስመር ስለሚሸፍን ወደ መጥፊያ ነጥቡ የሚሄዱት መስመሮች በየቀኑ እንደ አዲስ መውጣት አለባቸው። ለዚህ ነው ነጥቡ ላይ ሚስማር ተመትቶ ገመድ የሚወጠረው። የሚስማሩ ቦታ ግማሽ ጣት ቢዛባ የጣሪያው ቅስት ሣጥኖች ከትናንቱ ጋር አይገጥሙም። በ«ሥላሴ» ላይ የተጫሩ መስመሮችና የገመድ ምልክቶች እስካሁን ይታያሉ።

ሌላም ልብ በሉ። ነጥቡ ያለው ከመስቀሉ ግርጌ፣ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን ልክ ነው፤ ጣሪያው ከታች ወደ ላይ የታየ ነው። አብና ወልድ ግን ከታች እንደታዩ አልተሣሉም፤ ፊት ለፊት ነው የሚያዩን። ቤቱ ለሕጉ ይገዛል፣ ሥላሴ አይገዙም። ስህተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ማዛቾ አውቆ ያደረገው ይመስለኛል።

አራት_ማዕዘን
ጋሽ ኖራ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰያፉ ቀጥ ብሎ ወጣ። አንድ ቀረኝ፦ የተቀመጡ ሰዎችና ደረጃ ላይ የቆሙትስ? ደግሞ ቬኔሲያዊው ሠዓሊ ብራንካሌዮን ወደ እኛ አገር ሲመጣ ይህን ወለል ይዞት መጥቷል?

ኖራና_አሸዋ
ከወለሉ ክንድ ቁጠር። የተቀመጠ ሰው ከመቀመጫው ጋር ሁለት ክንድ ተኩል ያህል ስጠው፤ አምስተኛው መስመር ላይ 11 ሳ.ሜ. ገደማ ይሆናል፣ ራሱም ከአድማሱ በታች ይቀራል። ደረጃ ላይ ላለው መጀመሪያ እግሩ የሚያርፍበትን የወለል ነጥብ ፈልግ፣ የደረጃውን ከፍታ በዚያ መስመር ንጣፍ ለክተህ ወደ ላይ ጨምር፣ ከዚያ ሦስት ንጣፍ ቁመት ስጠው። ራሱ ከአድማሱ በላይ ይወጣል፤ አትደንግጥ።

ፓዱዋ
ብራንካሌዮን በ1480ዎቹ ገደማ መጥቶ ለረጅም ጊዜ በቤተ መንግሥት አካባቢ ሠርቷል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ አግኝቶታል። ይዞት የመጣው ግን በዋናነት የጣሊያንን የእመቤታችንን ሥዕል ዓይነቶች ነው። እንዲያውም ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቅፎ በመሣሉ ቁጣ እንደተነሣ ይነገራል። ክርክሩ ስለ ክንድ ነበር፣ ግን ስለ አልቤርቲው ክንድ አይደለም።