አስቸኳይ! የባንክ ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ፤ ቤቱን አስረክቤ ልገላገል?

የአቶቴዋ (ጠያቂ)፣ ሰኞ ግንቦት 18/2017 ማታ
ሰላም ቤተሰብ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከገደፍኩ ይቅርታ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ የግቢያችን በር ላይ በቡናማ ፕላስተር የተለጠፈ ደብዳቤ አገኘሁ። ማኅተም አለው። ትልቁ ልጄ ቀድሞኝ አንብቦት «እማዬ፣ ሐራጅ ምንድነው?» አለኝ። በ30 ቀን ውስጥ 1 ሚሊዮን 910 ሺህ ብር ካልተከፈለ ቤቱ ይሸጣል ይላል። የተጻፈው ግንቦት 6 ነው፣ እኔ ያየሁት ዛሬ። ይህን ያህል ብር ከየት ይመጣል? ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄጄ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ቤቱን ውሰዱ፣ ዕዳውን ሰርዙልኝ» ብል ይሆናል? ጋዜጣ ላይ መውጣት፣ የሰፈር ወሬ መሆን አልፈልግም። ሀዋሳ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ካለ ቶሎ ይመልስልኝ።

ባጃጅ 3 እግር
እህቴ፣ ቁልፉን ብትሰጫቸውም አንድ ኮፒ ያዢ። ባንኩ ቤት ተቆልፎበት ቢቸገር ትከፍቺለታለሽ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ የዛሬ ልጆች ብድር ስትወስዱ ሠርግ ይመስላችኋል። እኛ በደርግ ዘመን በ80 ብር ደመወዝ ጎጆ ስንቀልስ የማንም ደጅ አልጠናንም። ወለድ የማይተኛ ነገር ነው፤ አንቺ ስትተኚ እሱ ይቆጥራል። መጀመሪያ ከመፈረም በፊት ነበር መጠየቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አሁንም ቢሆን ከዚህ ትምህርት ወስደሽ ልጆችሽን ምከሪ።

ሐይቅ ዳር
ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እኮ። ሴትዮዋ የጠየቀችው የነገ ጠዋቱን ነው።

የዳቶ ልጅ
ሥራ አስኪያጁን ቀርበሽ ጊዜ ጠይቂ። እኔ 2014 ላይ ሦስት ወር ዘግይቼ ማራዘሚያ ሰጥተውኛል። በጽሑፍ አመልክቺ፣ ገቢ የተደረገበትን ኮፒ ይዘሽ ውጪ።

ከቨርጂኒያ
እዚህ አሜሪካ በ2008ቱ ቀውስ ጊዜ ሰው ቁልፉን በፖስታ ለባንክ ልኮ ይሄድ ነበር። የእኔም ጎረቤት አድርጎታል። ስለዚህ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ሞክሪው።

ፋይል አንባቢ
ወንድሜ፣ እዚያም ቢሆን ቁልፍ በፖስታ ስለተላከ ዕዳ አይሰረዝም። ባንኩ ተስማምቶ ቤቱን በዕዳው ፈንታ መረከብ አለበት፣ ቀሪውን እንደማይጠይቅም በጽሑፍ ማስፈር አለበት። በጽሑፍ ካልተባለ፣ እንደ ግዛቱ ሕግ፣ ለቀሪው የሚከሱም አሉ። የቨርጂኒያን ጨዋታ ሀዋሳ አታምጣው።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በራችሁ ላይ የተለጠፈው እሱ ነው። በ1992 የወጣው ማሻሻያ (216/1992) ደግሞ በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ከጠፋ ባንኩ በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ራሱ ወስዶ ስሙን ማዞር ይችላል ይላል። ስለዚህ ቤት ወደ ባንክ የሚገባው በሁለት ጨረታ በኩል አልፎ ነው። በመስኮት ቁልፍ ተቀብሎ ዕዳ የሚሰርዝ ቅርንጫፍ አላውቅም።

ሦስት ነገር ንገሪን፦ ካርታው በማን ስም ነው? ባንኩ ቤቱን ስንት ገመተው? ውሉ ላይ የፈረምሽው ምን ተብለሽ ነው?

የአቶቴዋ
ካርታው በእኔ ስም ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት 175 ካሬ። መሐንዲስ መጥቶ በሜትር ለክቶ 3 ሚሊዮን 100 ሺህ ገምተውታል አሉኝ። አምና ደላላ 4 ሚሊዮን ተኩል ብሎኝ ነበር። ውሉን አላየሁትም፣ ያኔ «እዚህ ፈርሚ፣ እዚህ፣ እዚህ» ስባል ፈረምኩ። ብድሩን የወሰደው ወንድሜ ነው፣ ለአይሱዙ። ጥቅምት 2015 ላይ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ። ሁለት ዓመት ከፍሏል። ከዚያ ሞተር ወረደና ቀጥ፤ ይኸው ሰባት ወር። ይህን መናገር ነበረብኝ?

ሐይቅ ዳር
እህቴ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነበር እኮ! እኛ እስካሁን ስለ አንቺ ብድር ስናወራ ነበር።

ባጃጅ 3 እግር
ቆይ ቆይ፣ መኪናውስ የት ነው? ሁሉም ስለ ቤቱ ያወራል፣ አይሱዙው እንደ ጉም ጠፋ። ሞተሩ የወረደ አይሱዙ እኮ ዛሬ ከኔ ሰፈር ቤት ይበልጣል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ሹፌር ጠይቂ።

ጡረተኛው
ወንድም ለወንድም ዋስ መሆኑ መልካም ነው፣ ግን እኛ በጊዜያችን…

ሐይቅ ዳር
ጋሼ፣ በማርያም።

የቀድሞ ብድር ክፍል
ባጃጁ እየቀለደ ዋናውን ነገር ነክቷል። እኔ 9 ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው። ባንክ ቤት ማስተዳደር አይፈልግም፣ የሚፈልገው ብር ነው። ቁልፍ ይዘሽ ብትሄጂ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የት እንደምታስቀምጠው እንኳ አታውቅም። እና ሒሳቡን ተመልከቺ፦ ዕዳው 1.91 ሚሊዮን፣ የባንኩ የራሱ ግምት 3.1 ሚሊዮን። በሐራጅ ተሽጦ እንኳ ዕዳው፣ ወለዱና ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ለባለንብረቱ ይመለሳል። «ውሰዱና ገላግሉኝ» ስትያቸው ያንን ከሚሊዮን በላይ የሚሆን ብር መርቀሽ መስጠትሽ ነው። ተቃጥለሽ መገላገል የፈለግሽው ይገባኛል፣ ግን በጣም ውድ መገላገል ነው።

ሥራ አስኪያጁም ጨክኖ እንዳይመስልሽ። ብድር 90 ቀን ሲያልፈው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፣ ባንኩ መጠባበቂያ ይይዝበታል። ሰባት ወር ዝም የተባለ ፋይል ከበላይ ጥያቄ መጥቶበታል ማለት ነው።

አሁን የቀረሽ እስከ ሰኔ 6 ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ነገ ወንድሜን እጁን ይዤ እሄዳለሁ፤ ተበዳሪው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ንግግሩ ይከብዳል። የአይሱዙው ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ባንኩ ጋ ተይዞ ከሆነ መኪናውን ባለበት ሁኔታ ለመሸጥ ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ገዢው ብሩን በባንኩ ስም በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) እንዲያስገባ አድርገን። ሊብሬው ነፃ ከሆነማ ይበልጥ ይቀላል። ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነበር?

የአቶቴዋ
59 ሺህ 600። መኪናው ሻሸመኔ ጋራዥ ቆሟል። ወንድሜ ስልኩን አያነሳም።

የቀድሞ ብድር ክፍል
እንግዲህ የሰባት ወር ውዝፍ ወደ 417 ሺህ ነው፣ ቅጣቱን ሳይጨምር። 1.91 ሚሊዮን ብለው የሚያስፈራሩሽ ሙሉው ዕዳ በአንዴ እንዲከፈል ስለተጠራ ነው። አይሱዙው ያን ውዝፍ ከሸፈነ «ውዝፉን ዘግተናል፣ ቀሪውን በአዲስ ጊዜ ሰሌዳ አስተካክሉልን» ተብሎ ይጻፋል። በባዶ እጅ የሚሰጥ ማራዘሚያ የለም፤ የዳቶው ልጅ ሦስት ወር ነበር የዘገየው፣ ያንቺ ሰባት ነው። ወንድምሽን ቤቱ ድረስ ሂጂ።

ሞቢል አካባቢ
ጊዜ ጠይቂ እህቴ፣ በጽሑፍ። ይሰጣሉ።

የዳቶ ልጅ
ይህን እኔ ከላይ ብዬዋለሁ።

ሞቢል አካባቢ
ደግሜው ነው፣ ጥሩ ምክር ስለሆነ።

የሥላሴ ልጅ
ሌላ ባንክ ብድሩን እንዲገዛልሽ ጠይቂ።

የቀድሞ ብድር ክፍል
በድሮ ጊዜ ይሆን ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ካጠረ በኋላ፣ በ2017ም 18 በመቶ ቢያደርገውም፣ ማን የተበላሸ ብድር ይገዛል? የወንድሟም ስም የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥ ገብቷል። ቀን አታባክኚ።

ስሜን አትጠይቁ
ፍርድ ቤት ሄደሽ እግድ አውጪ። ያስቆመዋል።

ፋይል አንባቢ
አዋጁ ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ቢያደርስ በካሳ ይጠየቃል ነው የሚለው። ጨረታውን በእግድ አስቁማለሁ ብሎ ጠበቃ ቀጥሮ ሁለት ሳምንት ያባከነ ሰው አውቃለሁ። ስህተት ካለ (ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ካልደረሰ፣ የአስያዥ፣ ማለትም ቤቱን በመያዣ የሰጠው ሰው፣ ስም ወይም የካርታ ቁጥር ከተሳሳተ) በጽሑፍ ለባንኩ አስመዝግቢ፣ በኋላ ይጠቅማል። ደብዳቤው በሩ ላይ እንዴት እንደተለጠፈና መቼ እንዳየሽው ፎቶ አንሺ። ፕላስተሩን ሳትልጪ።

የአቶቴዋ
ልጬዋለሁ። ልጆቹ እንዳያዩት ብዬ ቀዳደድኩት፣ አሁን ፕላስተር ፈልጌ እያያያዝኩት ነው።

ባጃጅ 3 እግር
ሊሸጥ ከሆነ በሮቹን፣ ሮቶውን፣ የመስኮት ብረቱን ንቀይ። ቢያንስ እሱ ይትረፍልሽ።

ሐይቅ ዳር
ይህን እንዳትሰሚው! የአጎቴ ጎረቤት ቆርቆሮ ሳይቀር አውርዶ በጋሪ አስጫነ። የሐራጁ ቀን ገዢዎች ግቢውን ሲያዩ ሦስቱም ወጥተው ሄዱ። በሁለተኛው ጨረታ ዋጋው ወርዶ ተሸጠ፣ የጎደለውም በስሙ ቀረ። ቤቱ ላይ ያለው ሁሉ መያዣ ነው።

የቀድሞ ብድር ክፍል
ትክክል። እና ሐራጁ ቢመጣ እንኳ ሸሽተሽ አትቅሪ፤ ተበዳሪና አስያዥ ተገኝተው መከታተል ይችላሉ። ማስታወቂያው ላይ የካሬው ስፋት፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ ተጫራች በሲፒኦ የሚያስይዘው የዚሁ ዋጋ አንድ አራተኛ፣ ሁሉም ይጻፋል፤ አንብቢው። አይሱዙው ካልሆነ ደግሞ ከጨረታው በፊት ቤቱን ራስሽ መሸጥ አለ። ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ባንኩ ለማዘጋጃ ቤት የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የተረፈው ለአንቺ ይሆናል። ተጣድፈሽ ስለምትሸጪ 4 ሚሊዮን ተኩሉን አትጠብቂ፣ ግን ከሐራጁ ይሻላል። ከደላላ ቀብድ እንዳትቀበዪ ባንኩ ሳያውቅ፤ ሌላ ጣጣ ነው።

ፋይል አንባቢ
አንድ ነገር አልመለስሽልኝም። ውሉ ላይ የፈረምሽው «አስያዥ» ተብለሽ ብቻ ነው ወይስ «ዋስ» ተብለሽም? አስያዥ ብቻ ከሆንሽ ባንኩ የሚደርስብሽ በቤቱ ልክ ነው፤ ቤቱ ተሽጦ ቢጎድል ቀሪው የወንድምሽ ነው። በዋስነትም ከፈረምሽ ግን ቀሪው አንቺን ደሞዝሽ ድረስ ይከተልሻል። ቤት አስረክበሽ መገላገል ይኑር አይኑር የሚለው ከዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

የአቶቴዋ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ
የእናቴን ሣጥን ገልብጬ ውሉን አገኘሁት። ከላይ «የመያዣ ውል» ይላል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ስር ፊርማዬ አለ። ሥሩ ሌላ ሦስት ገጽ ተያይዟል፣ አናቱ ላይ «የዋስትና ውል» ይላል። በእሱም ላይ ፊርማዬ አለ። የራሴ ነው፣ ሳላወላውል ነው የፈረምኩት፣ የ«ሀ»ዋ ጭራ እንኳ ረዝማለች። ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ እስክሪብቶ ያቀበለኝ ትዝ አለኝ።

ሐይቅ ዳር
እህቴ፣ አሁን ተኚ። ጠዋት ከወንድምሽ ቤት በር ላይ ቁሚ።

ፋይል አንባቢ
ሦስቱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ለታወቀ ጠበቃ አሳዪ። የዋስትናው መጠን በቁጥር ተጽፏል? እሱን እይ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔም በ1978 ለአንድ ጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ሁለት ዓመት ደመወዜ ተቆርጧል። ቀደም ሲል ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ወንድምሽን አታርቂው፣ ግን አይሱዙውን ያሽጥ።

የዳቶ ልጅ፣ ሐሙስ
የአቶቴዋ፣ ምን ደረሰ?

ሞቢል አካባቢ፣ ሰኔ 2
አራት ቀን ቀርቷል። አለሽ እህቴ?

ሻሸመኔ መስመር፣ ሰኔ 3
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። አይሱዙው ሞዴሉ ስንት ነው? አሁንም ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ገዢ አለኝ።