ቤተሰቦች የመጋቢያቸውን ድካም እንዲያውቁ በምን እንርዳቸው?

ጥያቄ፦ የቤተሰብ አገልግሎት አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቤተ ክርስቲያናችን የቤተሰብ አገልግሎት ክፍልን ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። ሽማግሌዎቻችን በቅርቡ አንድ ሥራ ሰጥተውናል፤ ይኸውም ቤተሰቦች፣ በተለይም ልጆች የሚያሳድጉት፣ የመጋቢያችንን አገልግሎት በአግባቡ ተረድተው እንዲያከብሩ የሚረዳ አጭር መመሪያ እንድናዘጋጅ ነው። ከክፍላችን አባላት በመጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ የምስጋና ቀን ወስኖ ስጦታ ማበርከት ነበር። ስጦታውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ዋናውን ችግር የሚነካው አይመስለኝም።

በልጆች ክፍል አንዲት አስተማሪ "መጋቢያችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን የሚሠራ ይመስላችኋል?" ብላ ብትጠይቅ፣ አንዱ ልጅ "ይጸልያል" አለ፤ ሌላው ደግሞ "እሑድ እስኪደርስ ይጠብቃል" ሲል መለሰ። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ይሁን እንጂ የእናንተስ መልስ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከልጆቹ እምብዛም የራቀ ነገር አልነበራቸውም። ሰው የማያየውን ሥራ እንዴት ያመሰግናል? ወደ ባዶ ሙገሳ ሳንገባ ቤተሰቦች በየቤታቸው ምን ቢያደርጉ ትመክራላችሁ?

መልስ 1፦ ከአገልግሎት ያረፈ መጋቢ

እኅቴ፣ ልጁ የመለሰው መልስ የሚያስቅ ቢሆንም ምክንያት አለው። የመጋቢ ሥራ ከሚታየው የማይታየው የሚበልጥ ሲሆን፣ ከማይታየውም አብዛኛው በባሕርዩ ሊነገር የማይችል ነው። ለመለያየት የተቃረቡ ባልና ሚስት ለወራት ሲመከሩ ቆይተው ቢታረቁ፣ እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያያቸው ጉባኤ ምንም የተፈጠረ ነገር እንደነበረ አያውቅም። እነርሱም አይናገሩም፤ መጋቢውም አይናገርም። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ የተሠራው ሥራ ራሱ ከእይታ ይሰወራል።

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ቤተሰቡ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከመጋቢው ጋር ያለፈበት የራሱ ታሪክ አለው፤ አያት በታመሙ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ የመጣው፣ አባት ሥራ ባጣበት ወቅት ደውሎ የጠየቀው፣ በሐዘን ቤት ከሁሉ በኋላ የወጣው ማን ነበር? ወላጆች አንድ ምሽት ተቀምጠው፣ የልጆቹን ዕድሜ በሚመጥንና የማንንም ምስጢር በማያወጣ መንገድ ይህን ይንገሯቸው። ጳውሎስ የተሰሎንቄን ምእመናን በመካከላቸው የሚደክሙትን እንዲያውቁ ከለመናቸው በኋላ ነው ስለ ሥራቸው በፍቅር እንዲያከብሯቸው የለመናቸው (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥12-13)። ቅደም ተከተሉ ለመመሪያችሁም የሚጠቅም ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በበር ላይ እጅ እየጨበጡ "ስብከቱ ግሩም ነበር" ማለት መልካም ልማድ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ግን አይታወስም። በሳምንቱ አጋማሽ "ስለ ይቅርታ ያስተማሩትን ሰምቼ ለወንድሜ ደወልሁለት" የሚል ሁለት መስመር የደረሰው መጋቢ ግን ያንን ወረቀት ለዓመታት ያስቀምጠዋል። እኔ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አሉኝ።

መልስ 2፦ የመጋቢ ባለቤት

ከቤት በኩል ያለውን ልናገር። በእራት ሰዓት ስልክ ሲጮኽ የልጆቻችን ዓይን ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ አባታቸው ፊት ይሄዳል፤ ፊቱን አይተው ተነሥቶ ይሄድ እንደሆነ ያውቃሉ። ሞት ወይም ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ማንም አያጉረመርምም፤ ለዚህ ተጠርተናል። ነገር ግን ከሚደወሉት ብዙዎቹ ስለ አዳራሽ ቁልፍ፣ ስለ ስብሰባ ሰዓት ወይም ስለ መዘምራን ወንበር ናቸው፤ እነዚህ ሁሉ እስከ ነገ ሊቆዩ ወይም ለሌላ አገልጋይ ሊነገሩ ይችሉ ነበር።

ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ስናነብ ዮቶር ሙሴን ከሺህ፣ ከመቶ፣ ከአምሳና ከአሥር አለቆች ጋር ሸክሙን እንዲካፈል እንደመከረው እናስታውሳለን። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን፦ ይህ ሰው የሙሴን ሚስትና ሁለት ልጆች ይዞ የመጣ አማት ነበር። ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰለፍ ያላስተዋለውን ድካም ያስተዋለው የቤተሰቡ ነገር የሚገደው ሰው መሆኑ ለእኔ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ስለዚህ በመመሪያችሁ የመጋቢውን የዕረፍት ቀን ማክበር እንደ ምስጋና ይቆጠር። ልጆቻችሁንም የመጋቢ ልጅ እንደ እነርሱ ልጅ መሆኑን አስተምሩልን፤ ሲያጠፋ "የመጋቢ ልጅ ሆኖ!" መባሉ እኛን ከማንኛውም ነቀፋ በላይ ያቆስለናል።

መልስ 3፦ አንድ ምእመን

የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ቢሆንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀድሞ በነበርሁበት ጉባኤ ማክበር ማለት አለመጠየቅ ሆኖ ነበር። የገንዘብ አያያዝን የጠየቀ ሰው እግዚአብሔር የቀባውን አገልጋይ እንደ ነካ ይቆጠር ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰቦች ዝም ብለው ወጡ፤ ልጆቻቸውም ከነጭራሹ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ።

በልስጥራን ሕዝቡ ለጳውሎስና ለበርናባስ መሥዋዕት ሊሠዋ ሲነሣ፣ ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደው ነው የከለከሉት፤ ያው ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ተነሣሥቶ ጳውሎስን ወግሮታል (ሐዋርያት ሥራ 14)። ከልክ ያለፈ ሙገሳ ለተመስጋኙም አይበጅም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ውስጥም በመስበክና በማስተማር የሚደክሙት እንዲከበሩ፣ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ እንዳይሰማባቸው፣ ኃጢአት የሚሠሩት ደግሞ በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ ተከታትሎ ተጽፏል። ልጆች ሦስቱንም ይማሩ። አባት ከጉባኤ ሲመለስ በመኪና ውስጥ ስብከቱን ሲያብጠለጥል የሚሰማ ልጅ ንቀትን ይማራል፤ "በዚህ ነጥብ አልተስማማሁም፤ በዚህ ሳምንት ራሱን አግኝቼ እጠይቀዋለሁ" ሲል የሚሰማ ልጅ ግን አክብሮትንም እውነተኝነትንም ያያል።

መልስ 4፦ የሒሳብ ክፍል አገልጋይ

በአጭሩ፦ ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለው ቃል የተጻፈው እዚያው 1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ቁጥር 18 ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ስጦታ እየሰጡ የመጋቢውን ደመወዝ ለዓመታት ሳያዩ መቆየት ተገቢ አይደለም። ይህ የሽማግሌዎች ሥራ ስለሆነ በቤተሰብ መመሪያ ውስጥ አይገባ ይሆናል፤ ሥራውን ለሰጧችሁ ሽማግሌዎች ግን ብትነግሯቸው መልካም ነው።

የአስተባባሪዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምስጋና ቀኑን ሐሳብ ለጊዜው አቆይተን፣ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ታሪክ ለልጆቹ እንዲነግርና ከፈቀደም በአጭር ደብዳቤ ለመጋቢው እንዲጽፍ እንጠይቃለን። ስለ ስልክና ስለ ዕረፍት ቀን የተጻፈውን፣ አስቸኳይ ያልሆነውን ጉዳይ ለማን መንገር እንደሚቻል ከሚገልጽ ዝርዝር ጋር እናካትታለን። የመልስ 3 ጸሐፊ ያነሣኸውን ግን ክፍላችን ውስጥ ሁሉም በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለኝም፤ "በምስጋና መመሪያ ውስጥ ስለ ግሣጼ ምን አገባን?" የሚሉ እንደሚኖሩ ከአሁኑ ይታየኛል። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ረቂቁን ለቤተሰቦች ከማደላችን በፊት መጋቢው ራሱ ቢያየው ይሻላል ወይስ ሳያውቅ ቢቀር? ልምድ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።