ግድግዳን ሳይጎዱ ሐረግ ማሳደግ

ጥያቄ፦
2 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የጡብ አጥሬን በሐረግ ማልበስ ብፈልግም፣ ሥሩ ወደ ውስጥ እየገባ ልስኑን ያፈርሰዋል የሚል ስጋት አድሮብኛል። ሐረጉን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ልልቀቀው ወይስ መደገፊያ ልሥራለት?

መልስ 1፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሐረጉ በሚወጣበት መንገድ ይወሰናል። አይቪ ከግንዱ በሚያወጣቸው አጫጭር ሥሮች ራሱን ስለሚያጣብቅ መደገፊያ አያሻውም፤ ጠንካራ ግድግዳን እምብዛም ባይጎዳም፣ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ልስን ካገኘ ግን ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ ሲነቅሉትም ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ጃስሚን ባገኘው ነገር ላይ እየተጠመጠመ፣ የፓሽን ፍሩት ሐረግ ደግሞ በቀጫጭን ጠምጣሚ ጅማቶቹ እየያዘ ስለሚወጣ ለሁለቱም ሽቦ ወይም የእንጨት ፍርግርግ ያስፈልጋቸዋል። ቡገንቪላ በእሾሁ ከመደገፍ በቀር ራሱን አይዝምና በየጊዜው ማሰር የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

መልስ 2፦
ፍርግርጉን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው አይምቱት፤ አየር እንዲዘዋወርና ግንዱ ሲወፍር መተላለፊያ እንዲያገኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የመትከያውን ቦታ ነው፦ ግድግዳው ዝናብ ስለሚከልል ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነውና ችግኙን ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር አርቀው፣ ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው ይትከሉ።

ጠያቂው፦
ልስኔ የተሰነጠቀ በመሆኑ አይቪን ትቼዋለሁ። ወደ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳስ ትሆነኛለች?

መልስ 2፦
ትሆናለች፤ ብቻ ቅርንጫፎቿን ሽቅብ ከመስደድ ይልቅ ለጋ ሳሉ ወደ ጎን አጋድመው ይሰሯቸው፤ ያን ጊዜ በቅርንጫፉ ርዝመት ሁሉ አዳዲስ ቀንበጦች ስለሚያቆጠቁጡ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ አይቀርም። ማሰሪያው ለስላሳና ላላ ያለ ይሁን።