«ፀሐይ ታሪክ አይደለም» ላለው ወንድማችን

የአራት ኪሎው፦
ትናንት እዚሁ ቡድን ውስጥ ቀለም ቀቢ የተባለው ወንድማችን «የ13 ወር ጸጋ ጊዜው ያለፈበት መፈክር ነው፤ ፀሐይ ታሪክ አይደለም፤ ታሪክ የሚነግረው ምድረ ቀደምት ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም የአገራችን የቱሪዝም መፈክሮች ናቸው፤ አንዱ የድሮው፣ ሌላው የኋለኛው። ብዙ ሰውም ደገፈው። እኔን ግን ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን የቱሪዝምን ሥራ ከምንም ተነሥተው ሲያቋቁሙ ያንን ሐረግ አወጡ። ቤተ መንግሥቱን፣ አክሱምን፣ ፋሲልን ሁሉ ትተው አንድ ቁጥር መረጡ። «13 ወር» ሲባል እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚለው «እንዴት?» ነው። አያቴ «ተረት ተረት» ብላ እኛ «የላም በረት» እስክንል ድረስ አፏን አትከፍትም ነበር። ሰሚው ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። ቁጥሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይህ ታሪክ መንገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቀለም ቀቢ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እኔ «13 ታሪክ አይደለም» አላልኩም፤ ያልኩት «ፀሐይ ታሪክ አይደለም» ነው። መፈክሩ በእንግሊዝኛ «የ13 ወር ፀሐይ» ነው የሚለው፤ የሚሸጠው ፀሐይን ነው። ፀሐይ ስፔንም አላት፤ ደቡባዊ ዳርቻዋን «የፀሐይ ዳርቻ» ብላ ሰይማ ዓለምን ትጋብዛለች። ኬንያም አላት፣ ያውም ከነባሕሯ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ምድረ ቀደምት ግን ሌላው ሊለው የማይችለውን ይናገራል፦ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ቡና ከእኛ ጫካ ወጣ፣ ዓባይ ከእኛ ይነሣል። አንድ ሐረግ ሦስቱንም ተሸከመ። በሐምሌ ቦሌ የወረደ እንግዳ ዝናብ ውስጥ ቆሞ «ፀሐዩ የታለ?» ቢል ምን እንለዋለን?

አስጎብኚው ከላሊበላ፦
እውነቱን ነው የምንለው። ሐምሌ ላይ እኛም ጋ ይዘንባል፤ ቦረና ግን በዚያ ወር ደረቅ ነው፤ የእነሱ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል። ይህን ስነግራቸው የአገሩ ስፋት ይገባቸዋል።
ወንድሜ ቀለም ቀቢ፣ አንተ መፈክሩን በወረቀት ላይ ታየዋለህ፤ እኔ በሰው ፊት ላይ ነው የማየው። ስለ «ቀደምት» የጠየቀኝ እንግዳ አላስታውስም። ስለ 13ኛው ወር ግን ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። በጣቴ እቆጥርላቸዋለሁ፦ 12 ጊዜ 30፣ 360፤ የቀሩት 5 ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6፣ ጳጉሜን። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴትዮ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻቸው ላይ አሥራ ሦስት ሣጥን ሣሉ፤ የመጨረሻዋን ጥፍር የምታህል አደረጓት። ልደታቸው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ነው። «ጳጉሜን 3 ነው» ስላቸው እርሳሱን አንሥተው በዚያች ጥፍር በምታህል ሣጥን ውስጥ ነጥብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ አገሩ የእሳቸውም ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቁኝ ስለዚያች ሣጥን ነው።

ቀለም ቀቢ፦
ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን እሳቸውን የያዘው የቀን አቆጣጠሩ እንጂ ፀሐዩ አይደለም። የእኔን ቃል ነው ያረጋገጥክልኝ።

የአራት ኪሎው፦
አሁን 13ን ልትወስድና ፀሐዩን ልትጥል ነው? ሐረጉ አንድ ነው። ተቆርጦ አይበላም።

የቋንቋ መምህርት፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። እንግሊዝኛው ፀሐይ ይላል፤ አማርኛው ግን ጸጋ ነው የሚለው። ፀሐይና ጸጋ አንድ አይደሉም። ጸጋ ዝናቡንም፣ አዝመራውንም፣ የመስከረሙን አደይ አበባም ይይዛል። ቀለም ቀቢ በእንግሊዝኛው ተቆጥቶ አማርኛውን ነው የመታው። ለሐምሌው ዝናብም መልሱ ያው ጸጋ ነው፤ ለገበሬው የሐምሌ ዝናብ ጸጋ ካልሆነ ምን ይሆናል?
ደግሞ እባካችሁ፣ ትናንት በተለጠፈው ምስል ላይ «ፀጋ» ተብሎ ተጽፏል። ጸጋ በጸሎቱ «ጸ» ነው፤ ፀሐይ በፀሐዩ «ፀ»። መፈክር የሚያክል ነገር ላይ ፊደል አይሳትም።
ስለ ምድረ ቀደምትም ልበል። «ቀደምት» የቀደሙት ሰዎች ማለት ነው። እንግሊዝኛው የነገሮችን መነሻ ይላል፤ የእኛው አባቶችን ይጠራል። በሁለቱም መፈክሮች አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ ይህን ያነሣ ሰው አላየሁም።
ጋሼም ይቅር ይበሉኝና፣ 13 ወር የእኛ ብቻ አይደለም፤ የግብጽ ኮፕቶችም አላቸው።

የአራት ኪሎው፦
አላቸው፤ በመፈክር አውጥተው ዓለምን የጠሩበት ግን እኛ ነን። ነገር የሚሆነው ለነገረው ነው።

ቀለም ቀቢ፦
መምህርት፣ ፊደሉን እቀበላለሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አስተካክላለሁ። ጸጋ ላይ ግን አልስማማም። ቱሪስቱ አማርኛ አያነብም። ለእሱ የቀረበለት ፀሐይ ነው።
ለምን እንደምቆጣ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት በራሪ ወረቀት ሠራሁ። አንድ ፎቶ ብቻ አስቀመጥኩ፦ የአንዲት እናት እጅ፣ ጀበናውን ዘንበል አድርጋ፣ ቀጭኑ የቡና ክር ሲኒው ውስጥ ሲወርድ። ከበስተኋላው ጭስ። ሌላ ምንም የለም። አለቃው አይቶ «አገር የት አለ?» አለኝ። አንበሳ አስገባ አለ። ዋልያ አስገባ። ቤተ ጊዮርጊስ አስገባ። ጥግ ላይ ፀሐይ አስገባ፣ ጨረሩ ይታይ። በመጨረሻ የእናትየው እጅ የፖስታ ቴምብር አክሎ ቀረ። ያቺን ፀሐይ በየወረቀቱ ስሥል ኖሬአለሁ። «ፀሐይ ታሪክ አይደለም» ያልኩት ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ሠዓሊዋ፦
ይህ የመፈክሩ ጥፋት አይደለም፤ የአለቃህ ጥፋት ነው።
እኛ ታሪክ በሥዕል መንገር ከማንም አልተማርንም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ አንድ ሸራ ላይ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች የሚተርኩ ሠዓሊዎች ያሉበት አገር ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኑ ይከተለዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይቆማል። ማንም ሳያስረዳህ ማን ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንበሳና ዋልያ አንድ ገጽ ላይ የሚያጭቀው አለቃ ይህን ሥርዓት የረሳ ነው። በዚያ ሸራ ላይ 44ቱም ሥዕሎች ተራ አላቸው፤ በአንተ ወረቀት ላይ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል።

የቡና ነጋዴው፦
ሁላችሁም ስለ መፈክር ታወራላችሁ፤ ገንዘቡ ያለው ስም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ክርክር ገባ፤ በ2007 ተስማሙ። ያኔ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ሰዎች ስለ ይርጋጨፌ ገበሬ የሰሙት ከየትኛውም መፈክር ይበልጣል። ታሪክ የቦታ ስም ይፈልጋል። ፀሐይ ስም የለውም፤ ቀደምትም አድራሻ የለውም።

አስጎብኚው ከላሊበላ፦
ቡና ነጋዴው፣ ገበሬው ከዚያ ስም ስንት እንደደረሰውም ጻፍልን።

የቡና ነጋዴው፦
ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ለብቻው ክፈተው፣ እመጣለሁ።

የአራት ኪሎው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሚልተን ግሌዘር የተባለ የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለኒው ዮርክ «ኒው ዮርክን እወዳለሁ» የሚለው መፈክር ላይ ያለችውን ያቺን ቀይ ልብ ሣለላቸው። እስከ ዛሬ በየሸሚዙ ላይ አለች። አላረጀችም ወይ ብሎ የጣላት የለም፤ በ2023 ለከተማዋ ሌላ ዓይነት ሲያወጡ ሕዝቡ ጮኸባቸው። እኛ ግን ሰው የለመደውን አንሥተን አዲስ እናወጣለን፣ ያም ሳይለመድ ሌላ እናስባለን። መፈክር እንደ ዋርካ ነው፤ ጥላ የሚሰጠው ሲቆይ ነው።

ቀለም ቀቢ፦
ስለ መቆየቱ እስማማለሁ፤ ጋሼ እዚህ ላይ ረቱኝ። እንግዲያው ምድረ ቀደምትም ይቆይ። አሁን ቢነሣ ያው ጥፋት ይደገማል።

የዲሲዋ፦
ከሥራ ስመለስ ነው ያነበብኳችሁ። እዚህ ዋሽንግተን የምሠራበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያ የድሮው የ13 ወር ሥዕል ተሰቅሏል። የአንዲት ልጅ ፊት ነው፣ ፈገግ ብላ። ቀዩ ቀለም ሮዝ ሆኗል፤ ጥጉ በፕላስተር ተይዟል። ፀሐይ የሚል ነገር እንጂ ፀሐይ ራሷ ሥዕሉ ላይ የለችም። ቀለም ቀቢ፣ ወንድሜ፣ አንተን ጨረር ሣል ያለህ አለቃህ ነው፤ ይህን የሠሩት ሰዎች ብርሃኑን የልጅቷ ፊት ላይ ነው ያኖሩት። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ አገራቸውን መጀመሪያ ያዩት በእሷ ነው። ትንሿ ልጄ «ስሟ ማን ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች።

የቋንቋ መምህርት፦
እህቴ፣ እባክሽ ጽሑፉን እይልን። አማርኛ አለበት? ጸጋ የሚል አለ?

የዲሲዋ፦
ተነሥቼ አየሁት። በሥዕሉ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ጸጋ የሚል የለውም።

ቀለም ቀቢ፦
ያልኩት ይህንኑ ነው። ዓለም ያየው ፀሐዩን ነው።

የአራት ኪሎው፦
ዓለም ያየው የልጅቷን ፊት ነው። እህታችን አሁን ነገረችህ እኮ፤ ፀሐይ የለችም አለችህ። ልጇም ስሟን ነው የጠየቀችው።

ቀለም ቀቢ፦
እህቴ፣ ፎቶውን በደንብ አንሥተሽ ላኪልኝ። የፊቷን ጥላ ማየት እፈልጋለሁ፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ።