ሁሉንም ልጆች በአንድ ከበሮ እንዴት ላስጨፍር?

አራት ኪሎ አካባቢ፣ በአንድ የወጣት ማዕከል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች እስክስታ አስተምራለሁ። ልጆቹ 14 ናቸው። ሁለቱ መስማት የተሳናቸው፣ አንዷ ማየት የተሳናት። ያለኝ አንድ ትልቅ ከበሮ ብቻ ነው።

ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ የከበሮው ንዝረት በእግር ብዙም አይሰማም። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ልጆች የተነፋ ፊኛ ታቅፈው የከበሮውን ምት በእጃቸው እንዲያውቁት አደረግሁ። ቀስ ባለ ምት በደንብ ሠራ። የመጀመሪያ ቀን ፊታቸው ሲፈካ ብታዩ! ጭክጭካው ሲፈጥን ግን ምቱ ይደባለቅባቸዋል። ደግሞም ፊኛ ታቅፎ እስክስታ መምታት አይመችም።

ከዚያ ከበሮውን ለአንድ ተማሪ ሰጥቼ በእጅ ምልክት መምራት ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ማየት የተሳናት ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። እንቅስቃሴውን የለመደችው ትከሻዬን በእጇ እየዳሰሰች ነው፤ የምት ለውጡን ግን ቀድሜ በድምፅ ካልነገርኳት ያልፋታል። በድምፅ ስናገር ሁለቱ አይሰሙም፤ ድምፁንና የእጅ ምልክቱን በአንድ ጊዜ ስሞክር ራሴ ምቱን እስታለሁ።

«ለሁለት ከፍለህ አስተምራቸው» ያሉኝ አሉ። ይህን አልፈልግም። አንድ ሰፈር ያደጉ ልጆች ናቸው፣ አብረው ነው መጨፈር ያለባቸው።

ምቱ ሊቀየር ሲል ሦስቱም ከሌሎቹ ልጆች ጋር እኩል የሚያውቁበት አንድ ምልክት ምን ልጠቀም?