በልጅነት ሲቆርቡ ያደጉ ለምን ይርቃሉ?

ጠያቂ፦ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው፣ ፍልሰታን ሲያስቀድሱና ሲቆርቡ ያደጉ ልጆች ሲጎረምሱ ከቅዱስ ቁርባን የሚርቁት እምነታቸው ጠፍቶ ነው?

መላሽ 1፦ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። ሕፃን ሳለ እናቱ ታስቆርበውና አፉን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ይዛው ትወጣለች። ሲጎረምስ ግን 18 ሰዓት መጾሙ፣ ንስሐው፣ የሥጋ ንጽሕናው ሁሉ በራሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። «አልበቃሁም» ብሎ አስቀድሶ ብቻ ይመለሳል። ብዙዎች እስከ ተክሊል፣ አንዳንዶችም እስከ እርጅና እንዲህ ይቆያሉ። ፍርሃት ነው እንጂ ክህደት አይደለም፤ «ከሃዲ» ማለት ነው ልጁን የሚያርቀው።

መላሽ 2፦ እውነት ነው። ውጭ አገር ደግሞ ቋንቋው ይጨመርበታል፤ ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ፣ የልጁ ሐሳብ በእንግሊዝኛ። «በጾም ወተት ለምን አንጠጣም?» ሲል «አይጠየቅም!» ከተባለ መልሱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከቅዳሴ በፊት አንዲት ሐረግ ብቻ ተርጉሙለት፤ ለምሳሌ «እግዚኦ ተሣሃለነ» «አቤቱ ይቅር በለን» መሆኑን። የንስሐ አባቱንም ወላጅ ሳይኖር ብቻውን ያነጋግራቸው።

ጠያቂ፦ ጾም እምቢ ካለስ?

መላሽ 1፦ በግድ አይሆንም። ረቡዕንና ዓርብን እስከ ስድስት ሰዓት ይጀምር፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በአንዴ አይጫንበትም።