ለሱቅ ኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ይበጅለት ወይስ ውሉ ይበቃል?

አወያይ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስታውቀው መጠን አያልፍም። ሱቅና ቢሮ ግን ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ቁጥጥሩ ወደ እነዚህም ይሻገር?

ባለሱቅ፣ ቦሌ፦ ይሻገር ባይ ነኝ። ውሌ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው በሱቄ በር ሥር የገባው ወረቀት «ኪራዩ በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይስተካከላል» ከማለት በቀር ገበያውን ማን እንደሚለካው አይናገርም። ኮርኒሱን፣ መስታወቱንና መደርደሪያውን ያሠራሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ ደንበኛዬም የሚያውቀው ቦታውን እንጂ ስሜን ስላልሆነ ልቀቅ ብባል የማጣው ሱቁን ብቻ አይደለም። አከራዬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ባለሕንፃ፦ ችግርዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ሲያልፍ፣ የሊፍትና የጄኔሬተር መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው በአሮጌ ኪራይ ይቆይ ማለት ፍርድ አይደለም። ጣሪያ ከተበጀ ማናችንም የነገውን ጭማሪ በመጀመሪያው ቀን ኪራይ ላይ ደምረን እንጠይቃለን፤ አዲስ ሱቅ የሚከፍተው ወጣት ነው የሚጎዳው።

ጠበቃ፦ ሁለታችሁም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ብዙ ተስፋ ባትጥሉ ይሻላል። በአንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 1764 ደግሞ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ የጭማሪ ቃል በሌለበት ውል አከራይ ዶላር ጨመረ ብሎ መሐል ላይ ኪራይ ማናር አይችልም፤ ተከራይም ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ማስቀነስ አይችልም። የተከራይ ጉልበት ያለው ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ውሉን የማደስ መብትንና በእድሳት ጊዜ የሚኖረውን ከፍተኛ ጭማሪ አብሮ ማስጻፍ ይገባዋል።

የሂሳብ ባለሙያ፦ እኔ ለአዋጁም ለተቃውሞውም አልቸኩልም፤ ገንዘቡ የሚያመልጠው በሌላ ቀዳዳ ነውና። በወር 40,000 ብር የሚከራይ ሱቅ «በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጭማሪው በመነሻው ኪራይ ላይ ከታሰበ በአምስተኛው ዓመት ወርኃዊ ኪራዩ 56,000 ብር ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ ከታሰበ ግን 58,564 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ «በመነሻው ኪራይ ላይ» የሚሉ ሦስት ቃላት ናቸው፤ ያየኋቸው ውሎች አብዛኞቹ ዝም ብለው ያልፉታል። ከዚህም የሚብሰው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ለኪራይ የሚውለው ቦታ 2,000 ካሬ በሆነ ሕንፃ ውስጥ 40 ካሬ የያዘ ተከራይ ድርሻው 2 በመቶ ነው፤ የወሩ ናፍጣ፣ ጥበቃና ጽዳት 100,000 ብር ቢፈጅ 2,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ግማሹ ሕንፃ ባዶ ሆኖ ወጪው በውስጡ ላሉት ብቻ ሲከፋፈል ግን ይኸው ሰው 4,000 ብር ይጠየቃል፣ ያውም ኪራዩ አንድ ብር ሳይጨምር። ለኪራይ ብቻ ጣሪያ ብታበጁ ጭማሪው በዚህ በር ይገባል።

ባለሱቅ፣ ቦሌ፦ የእኔም ነገር ይኸው ነው። የናፍጣውን ደረሰኝ ብጠይቅ የጥበቃ ኃላፊው «ሂሳቡ ቢሮ ነው» አለኝ፤ ቢሮ ብሄድ ጥበቃውን ጠይቅ ተባልኩ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አዲስ ሊፍት ተገዛና ዋጋው በአገልግሎት ክፍያችን ላይ ተጫነ። ሱቄ እኮ ምድር ቤት ነው።

ጠበቃ፦ ሊፍት መግዛትና ሊፍት ማስጠገን አንድ አይደሉም። በውሉ ላይ «የጋራ ወጪ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያካትት ተዘርዝሮ፣ አዲስ ዕቃ መግዣና የሕንፃው ዋና ዋና እድሳት በግልጽ ቢወጡ ይህ ክርክር አይነሳም ነበር።

ባለሕንፃ፦ በየሦስት ወሩ ደረሰኝ ማሳየትና አዲስ ዕቃ በራሴ ወጪ መግዛት አይከብደኝም፤ በሚቀጥለው ውሌ ላይም አስገባዋለሁ። የባዶውን ፎቅ ድርሻ ግን ሙሉ በሙሉ እኔ ልሸከም የሚለውን አልቀበልም፤ ጄኔሬተሩም ጥበቃውም ሰው ቢኖር ባይኖር ያው ወጪ አላቸው።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ናፍጣው እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል፤ ጥበቃው ግን እንዳሉት ቋሚ ነው። ሆኖም ፎቁ ሲከራይ ትርፉ የእርስዎ ከሆነ፣ ባዶ ሲቀር ወጪው በምን ሒሳብ ወደ ባለሱቁ ይዞራል?

ባለሕንፃ፦ ግማሽ በግማሽ ብንካፈለው እስማማለሁ።

ባለሱቅ፣ ቦሌ፦ የእኔ ድርሻ ሩብ ካልሆነ አልፈርምም፤ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።